ያልነበረ ተራራ አሠራር

ቁመቱ 158.3፣ ወርዱ 108.1 ሳንቲ ሜትር ነው። ሐር ላይ በጥቁር ቀለም ተሠርቷል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሥሥ ሌላ ቀለም ነክቶታል። ሲቀመጥ ይጠቀለላል፤ ሲታይ ይሰቀላል። በግራው ጠርዝ ከላይ ወደ ታች የወረደች አንዲት የጽሕፈት መስመር አለች፤ የሥዕሉን ስም፣ ዓመቱንና የሠዓሊውን ስም ትናገራለች። ስሙ «የጸደይ መግቢያ» ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1072 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሠዓሊው ጉዎ ሺ ይባላል፤ በሰሜን ሶንግ ዘመን በካይፈንግ ቤተ መንግሥት ያገለገለ ቻይናዊ ነው። ማኅተሙንም አትሞበታል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ግልጽ ፊርማ ብርቅ ነበር። ከእሱ ቀደም ብሎ የነበረው ታላቁ የተራራ ሠዓሊ ፋን ኩዋን በዋና ሥራው ላይ ስሙን ቅጠል መካከል ስለ ደበቀው የተገኘው ገና በ1958 ነው። ጉዎ ሺ ግን ስሙንም ዓመቱንም ለሚያነብ ሁሉ አስቀመጠ። ያልጻፈው የተራራውን ስም ነው። ሊጽፈው የሚችለው ስም አልነበረም፤ ተራራው የትም የለም።

ከሐሳብ የወጣ አገር ብዙ ጊዜ የሚፈታው መጋጠሚያው ላይ ነው። ሠዓሊው ዐለቱን ያውቀዋል፤ ዛፉንም ያውቀዋል። ዐለቱና ዛፉ የሚገናኙበትን ቦታ ግን አላየውምና በጥላ ወይም በቅጠል ይሸፍነዋል። ወንዙ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። መንገዱ የትም አያደርስም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ከጫፉ በፊት መጋጠሚያውን አያለሁ። ሥዕሉ ያለበት የታይፔው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ምስሉን በኢንተርኔት ስለ ለቀቀው፣ የብሩሹ ጉዞ እስኪለይ ድረስ እያጎሉ መመርመር ይቻላል።

ውሃውን እንከተል። በቀኝ በኩል፣ በዋናው ተራራ ጎን ባለ ጠባብ ሸለቆ፣ ውሃ በዐለት ደረጃ ይወርዳል። ፏፏቴው አንድ ወጥ አይደለም፤ ይወድቃል፣ ያርፋል፣ እንደ ገና ይወድቃል። ማረፊያው ሁሉ ግድግዳ አለው፤ ከማረፊያውም የሚወጣበት ዝቅ ያለ ከንፈር አለው። ግርጌ ሲደርስ ተኝቶ ይሰፋል፤ እዚያ የብሩሽ ምልክት ይሳሳና ባዶ ሐር ብቻ ይቀራል። በግራ በኩል ሌላ ሸለቆ ወደ ሩቅ ይከፈታል። እዚያ ውሃው አይወድቅም። በዝቅተኛ ዳርቻዎች መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። ሁለቱ ውሆች ጠባያቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ በቁመት ይኖራል፣ ሌላው በርዝመት። መድረሻቸው ግን የሥዕሉ ግርጌ ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ውሃ ሊደርስ የሚገባው እዚያው ነው።

ሰዎቹም እንደዚሁ የሚሄዱበት አላቸው። በግርጌ ግራ አንዲት ጀልባ ዳር ይዛለች፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ከቤተሰቧ ጋር እየወረደች ነው። በግርጌ ቀኝ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ አለ። ከፍ ብሎ መንገደኞች ይታያሉ። ከእነሱም በላይ፣ በቀኙ ሸለቆ ውስጥ፣ ተደራርበው የቆሙ የገዳም ጣሪያዎች አሉ። መንገዱ ከዐለት ጀርባ ይገባል፤ ይጠፋል፤ ከፍ ብሎ ብቅ ይላል። የጠፋበት ርዝመትና ብቅ ያለበት ከፍታ ይመጣጠናሉ። የማይታየውን የመንገድ ክፍል ሠዓሊው በልቡ ሄዶበታል።

ይህን የምለው በግምት ብቻ አይደለም። ልጁ ጉዎ ስ የአባቱን ትምህርት ሰብስቦ «ሊንቹዋን ጋኦዢ» በሚባል መጽሐፍ አቆይቶልናል። እዚያ አባት የመልክዓ ምድርን ሥዕል በአራት ይከፍለዋል፤ ሰው አልፎት የሚሄደው፣ ቆሞ የሚያየው፣ የሚንሸራሸርበትና የሚኖርበት። የኋለኞቹን ሁለቱን ያስበልጣል። ለሠዓሊ ይህ ቀላል መመዘኛ አይደለም። ለማየት ብቻ የተሠራ ተራራ ውብ ጫፍ ካለው ይበቃዋል። የሚኖሩበት ተራራ ግን ውሃ መቅጃ ይፈልጋል፤ ከነፋስ መከለያ፣ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። ገዳሙን ተመልከቱት። ከሸለቆው ውስጥ ተሸጉጧል፤ ገደሉ ከጀርባው ነው፤ ውሃው ከሥሩ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ቦታውን እንዲህ ይመርጣል።

መጠኑም በሥርዓት ነው። መጽሐፉ ሰውን ከዛፍ፣ ዛፍን ከተራራ ጋር ያመዛዝናል፤ ስሌቱን የሚጀምረውም ከትንሹ ነው። ለሰው መነሻው ራሱ ነው፤ ለዛፍ መነሻው ቅጠሉ። በሥዕሉ ግርጌ መሐል ትልቅ ዐለት አለ፤ ላዩ ላይ ጥዶች ቆመዋል። እነዚህ ጥዶች አጠገባቸው ካሉት ሰዎች እጅግ ይልቃሉ። ከዚያ ዓይን ወደ ላይ ሲወጣ ጥዶቹ እንደ ገና ይመጣሉ፤ አሁን አንሰው። ከዚያም ጫፉ አካባቢ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪመስሉ ያንሳሉ። ሠዓሊው ተራራው ረጅም ነው ብሎ አይነግረንም። ዛፉን መለኪያ ዘንግ አድርጎ ይሰጠንና ራሳችን እንድንለካ ይተወናል።

ለርቀትም ስም አውጥቶለታል፤ ሦስት ዓይነት ነው ይላል። ከግርጌ ወደ ጫፍ ሲያንጋጥጡ የሚታየው የከፍታ ርቀት ነው። ከፊት ሆነው በተራራው ውስጥ ወደ ጀርባው ሲመለከቱ የሚገኘው የጥልቀት ርቀት ነው። ከቅርብ ተራራ ወደ ሩቅ ተራራ በሜዳ ላይ ሲሻገሩ ደግሞ የዝርግ ርቀት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው፤ የከፍታው ጥርት ያለ፣ የጥልቀቱ የከበደ፣ የዝርጉ ድብልቅ። በ«የጸደይ መግቢያ» ሦስቱም አሉ። መሐል ላይ አንጋጠን እናያለን። በቀኝ ወደ ውስጥ እንገባለን። በግራ ወደ ሩቅ እናያለን። ይህን ከአንድ መቆሚያ ማየት አይቻልም። ተመልካቹ ሳይታወቀው ሦስት ቦታ ቆሟል፤ ሦስቱን እይታዎች የሚያያይዘው መካከላቸው ያለው ጉም ነው።

ጉሙ የሥራው ልብ ነው፤ ቀለም ግን አልነካውም። ጉም የመሰለን ባዶ ሐር ነው። ዐለቱ ከላይ ጠቁሮ ይጀምራል፤ ወደ ታች ይሳሳል፤ በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ የነካ ብሩሽ ጠርዙን ይዞት ይሄድና የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ያልቃል። ከባዶው ሥር ሌላ ዐለት በጥቁር ይነሣል። ዓይን ሁለቱን ያያይዛቸዋል፤ መካከሉን በራሱ ይሞላዋል። ተራራ ከግርጌ እስከ ጫፍ ተገልጦ ከታየ ቁመቱ ያንሳል፤ ወገቡ በጉም ከተቆረጠ ይረዝማል። ጉዎ ሺ ይህን በትምህርቱ ተናግሮታል፤ እዚህ ደግሞ ሠርቶታል። ተራራው ወገቡ ላይ ባይቆረጥ ኖሮ የሐሩ ቁመት ራሱ አይበቃውም ነበር።

አንድ ነገር ማሰብ ግን ያስፈልጋል። ሐሩ ዛሬ ቡናማ ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ ሐር ከዚህ በጣም የነጣ ነውና ጉሙ ያኔ ያበራ ነበር። እኛ የምናየው ምሽት ላይ ያለ ተራራ ይመስላል፤ እሱ የሠራው ግን የማለዳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቀለሙ። የቻይና የቀለም ዱላ የሚሠራው ከጥድ ጭስ ጥላሸትና ከእንስሳት ቆዳ ከሚቀቀል ሙጫ ነው። ይቦካል፣ በቅርጽ ይጨመቃል፣ ይደርቃል። ሠዓሊው ዱላውን መፍጫ ድንጋይ ላይ ከውሃ ጋር ይፈጨዋል፤ ውሃው ሲበዛ ግራጫ፣ ሲያንስ ጥቁር ይሆናል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለምም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ተዘፍዝፎ ወራት ይከርማል።

ጉዎ ሺ ግን በአንድ ጥቁር አይረካም። የሚጠቀምባቸውን ቀለሞች መጽሐፉ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቀጭን አለ፤ ወፍራም አለ። እስኪያርር የጠቆረ አለ። ከትናንት የተረፈ፣ መፍጫው ላይ ያደረ አለ። ኃይሉን የጨረሰ የቆየ ቀለም አለ። ከማድ ቤት የተጠረገ ጥላሸት አለ። ሰማያዊ የተቀላቀለበትም አለ። ይህን ዝርዝር ሳነብ የሚገርመኝ ያደረው ቀለም ነው። ቀለም መፍጫ ላይ ሲያድር ውሃውን ያጣል፤ ጥላሸቱ ይንጓለላል፤ ሲቀባም እንደ ትኩሱ አያበራም። ሌላው ሰው አጥቦ ይጥለዋል። እሱ ግን የማያበራ ጥቁር የሚፈልግበት ቦታ አለው፤ የረጠበ ድንጋይ ሥር፣ የዋሻ አፍ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ስንጥቅ።

አቀባቡም እንዲሁ ነው። ጥልቅ ጥቁር ሲፈልግ ወፍራም ቀለም አንድ ጊዜ አይቀባም። ቀጭኑን ስድስት ሰባት ጊዜ ይደራርበዋል። ልዩነቱ በዓይን ይለያል። ወፍራም ቀለም በአንድ ጊዜ ሲቀባ ይደርቅና እንደ ተዘጋ በር ይሆናል። የተደራረበው ቀጭን ግን ከላዩ ሥር ታችኛውን ያሳያል፤ ርጥበት ያለው ይመስላል። የሥዕሉ ወቅት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። በረዶ ቀልጦ መሬት ውሃ የጠጣበት ሰሞን ነው። ዐለቱ መርጠቡን የሚያሳየው አንድም ነጠብጣብ አይደለም፤ ስድስት ሰባቱ ንብርብሮች ናቸው።

ንብርብሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐሩ ቀለም ዝም ብሎ እንዳይጠጣ አስቀድሞ በሙጫ ውሃ ይታከማል። እንዲያም ሆኖ የተቀባው አይፋቅም። አንዱ ንብርብር በልኩ ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢደርስበት ይጨማለቃል፤ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ቢመጣ ደግሞ ጠርዙ መስመር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሠዓሊው ከብሩሹ ይልቅ የሚጠብቀው የሐሩን ርጥበት ነው። ምናልባት ሌላ ዐለት ላይ ሲሠራ የመጀመሪያው ይደርስለታል። የተራራው ጥቁረት ከግርጌ እስከ ጫፍ ተመጣጥኖ መሄዱ እንዲህ እየተዘዋወረ ለመሥራቱ ምስክር ይመስለኛል።

ብሩሹ የሚያደርጋቸውን እንቅስቃሴዎችም ለይቶ ስም ሰጥቷቸዋል፤ ስምንት ናቸው። ቀጭን ቀለም እየዞሩ መደራረብ አንድ ነው። ብሩሹን አጋድሞ ሾል ባለው ጎኑ ደጋግሞ መፋቅ ሌላ ነው። ቀለም በቀላቀለ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማርጠብ፤ ሰፊ ቦታን አንድ ጊዜ ማልበስ፤ ጫፉን ቀጥ አድርጎ መሳብ፤ ጫፉን ወደ ታች መትከል፤ ጫፉን መንካት፤ መስመር ማውጣት። አንድ እጅ፣ አንድ ብሩሽ፣ ስምንት ሥራ። በሥዕሉ ላይ አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደ ጀመረ መለየት ያስቸግራል። ለምሳሌ የዐለቱን ዳር እንይ። ከሩቅ አንድ መስመር ነው። ሲጎላ ግን ብዙ ነው፤ አንዱ ወፈር ያለና የረጠበ፣ ከጎኑ የሳሳ፣ ከዚያ በላይ የታጠበ ቅብ። መስመሮቹ በትክክል አይደራረቡም፤ ትንሽ ይሳሳታሉ። በዚያች መሳሳት ምክንያት ዐለቱ ያበጠ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ግማሹ ደመና የሆነ ይመስላል። ቻይናውያን ይህን የዐለት አሠራር ከደመና ጋር አያይዘው ይጠሩታል።

ቅርንጫፎቹ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። ለዐለቱ የላላው እጅ ለእነሱ ይጠብቃል። ቅጠል የሌላቸው ዛፎች ጣቶቻቸውን አጥፈው ወደ ታች ይይዛሉ፤ በዚያ አገር ሠዓሊያን ዘንድ ይህ አሠራር የሸርጣን ጥፍር ይባላል። እያንዳንዱ ጥፍር ከቅርንጫፉ ሲወጣ ወፍሮ ይጀምራል፤ ጠመም ሲል ይሳሳል፤ ጫፉ ላይ ይሾላል። ብሩሹ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል፤ መመለስ የለም። ስለ ጸደይ የተሠራ ሥዕል ሆኖ አንዲት አበባ እንኳ አለመኖሯን ልብ በሉ። አረንጓዴም የለም። ጸደዩ ያለው ጉሙ ውስጥ፣ የሚወርደው ውሃ ውስጥ፣ በእነዚያ ባዶ ቅርንጫፎች መወጠር ውስጥ ነው። አበባ መጨመር ለማንም ቀላል ነበር።

ሁሉም ነገር እኩል ተሳክቷል አልልም። በቀኝ ከገዳሙ በላይ ያሉት ገደሎች ትንሽ ተጨናንቀውብኛል፤ ዓይን እዚያ የሚያርፍበት ያጣል። በግራ ያለው ክፍት ሸለቆ ግን፣ ለእኔ፣ ከሥዕሉ ሁሉ ይበልጣል። በጥቂት ምልክት ብዙ መሬት ተሰጥቶናል።

አንድ ጉዳት ደግሞ የሠዓሊው አይደለም። ከላይ በቀኝ፣ ከጫፉ ጎን፣ የተጻፈ ግጥም አለ። የጻፈው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ነው፤ ዓመቱ 1759። ቀይ ማኅተሞችም በየጠርዙ አሉ። ቺየንሎንግ በሰበሰባቸው ሥዕሎች ላይ መጻፍ ይወድ ነበር፤ ጽሕፈቱም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ያ ቦታ ሥራ ነበረው። በግራ የተከፈተው ሸለቆ ሥዕሉን ወደ አንድ ወገን ያዘነብለዋል፤ በቀኝ ከላይ የነበረው ባዶ ሰማይ ያመዛዝነው ነበር። ዛሬ ሚዛኑን ለማየት ግጥሙን በጣት መሸፈን ግድ ነው።

እንዲህ ያለ ተራራ ከየት ይመጣል? የጉዎ ሺ መልስ በመጀመሪያ ከእግር ነው። አበባ መሣል የሚማር አበባውን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ከላይ ይመለከተዋል፤ ሁለንተናው ይታየዋል። ቀርከሃ የሚማር አንድ ዘንግ ይዞ በጨረቃ ሌሊት ጥላውን ነጭ ግድግዳ ላይ ያሳርፈዋል፤ እውነተኛ ቅርጹ ይወጣል። ተራራ የሚማር ግን ወደ ተራራው መሄድ አለበት። በሩቅ አካሄዱን ያያል፤ በቅርብ ሥጋውን። በበጋና በክረምት ያያል፤ በጠዋትና በማታ። አንድ ተራራ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ሌላ ተራራ ይሆናልና የአንዱ ብቻ ምስል የማንም ምስል አይደለም። ስለዚህ የሚሣለው አንድ ቦታ ሊሆን አይችልም። ብዙ ጊዜ ከታዩ ብዙ ተራሮች በልብ የቀረው ነው። ይህ ሥዕል ሐሳባዊ የሆነው ከማየት በመራቁ አይመስለኝም፤ ማየቱ ስለ በዛ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ፀጥታ ነው። ልጁ እንደሚነግረን አባቱ ሊሣል በሚቀመጥበት ቀን ብርሃን ባለው መስኮት አጠገብ ገበታውን አጽድቶ በግራና በቀኝ ዕጣን ያጨስ ነበር። ጥሩ ብሩሽና ጥሩ ቀለም ያቀርባል። እጁን ይታጠባል፤ መፍጫውን ያጥባል፤ ትልቅ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ይሆናል። ልቡ እስኪረጋ ይቆያል፤ ከዚያ ይጀምራል። መንፈሱ ካልመጣለት ሥራውን ትቶት አሥር፣ ሃያ ቀን ዞሮ አያየውም። ሲመለስ ደግሞ የሠራውን ያነሣል፣ ይጨምራል፣ ያረጥባል። አንዴ በቂ ሲሆን ሁለተኛ ይሄድበታል፤ ሁለተኛው በቂ ሲሆን ሦስተኛ። ይህ ተመስጦ ነው፤ ነገር ግን እጅ የሚታጠብበት፣ መፍጫ የሚጸዳበት ተመስጦ ነው። ስድስትና ሰባት ንብርብር የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ጭቃ ነው፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ሸን ኩዎ የሚባለው የዘመኑ ሊቅ ሶንግ ዲ የተባለ ሠዓሊ ለሌላ ሠዓሊ የሰጠውን ምክር መዝግቧል። የፈረሰ ግድግዳ ፈልግ፤ ነጭ ሐር ዘርጋበት፤ ጠዋትና ማታ ተመልከተው። ቆይቶ ጉብታው ተራራ፣ ጉድጓዱ ውሃ፣ ስንጥቁ ሸለቆ ሆኖ ይታይሃል፤ ያኔ ብሩሽህን አንሣ፤ ምክሩ ይህ ነው። ጉዎ ሺ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ ይባላል። መራጊዎቹ ግድግዳውን ሲመርጉ ማለስለሻ እንዳይጠቀሙ አዘዘ። ጭቃውን በእጃቸው ብቻ ግድግዳው ላይ እንዲወረውሩት፣ የወጣው ወጥቶ የገባው ገብቶ እንዲቀር ነገራቸው። ሲደርቅ ቀለም ይዞ የጭቃውን አመጣጥ ተከተለ፤ ጫፍ፣ ገደል፣ ሸለቆ አወጣለት፤ ቤትና ሰው ጨመረበት። ግድግዳው ራሱ ያበቀለው ይመስል ነበር አሉ። እነዚያ ግድግዳዎች አንዱም የሉም። የ«የጸደይ መግቢያ» ዐለቶች ግን በብሩሽ የተሠሩ ሆነው እንኳ እጅ የወረወራቸው ይመስላሉ። መጀመሪያ ቅርጹ መጣ፤ ምን እንደ ሆነ የታወቀው በኋላ ነው።

ሥዕሉ የቤተ መንግሥት ሥራ መሆኑ መረሳት የለበትም። በ1072 ዙፋኑ ላይ የነበረው ሸንዞንግ ነው፤ ሚኒስትሩ ዋንግ አንሺ ከ1069 ጀምሮ ባመጣው ለውጥ ምክንያት ባለሥልጣናቱ ተከፋፍለው ነበር። በጉዎ ሺ ትምህርት ትልቁ ተራራ የጌታ ቦታ አለው፤ ትንንሾቹ በዙሪያው በሥርዓት ይቆማሉ። ስለዚህ ሥዕሉን እንደ መልካም አስተዳደር ምስል የሚያነቡት ምሁራን አሉ። ንባባቸውን አልቃወምም። ነገር ግን መጽሐፉ ሌላም ምክንያት ይሰጣል፤ እሱ ወደ ሐሩ ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል። ለንጉሥና ለወላጅ ግዴታ ያለበት ሰው ቢሮውን ጥሎ ጫካ አይገባም። ተራራውን የሚናፍቅ ግን እሱ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ ካለለት ከመቀመጫው ሳይነሣ ሸለቆና ምንጭ ያገኛል። ለእንዲህ ያለ ተመልካች ውሃው የት እንደሚወርድ፣ መንገዱ የት እንደሚወጣ ማወቅ ጌጥ አይሆንም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እዚያ ሊቆይ ነውና።

ሸንዞንግ ሠዓሊውን እጅግ ይወደው ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሥዕል አሠርቶታል። ንጉሥ ሲለወጥ ግን ፍቅርም ይለወጣል። ደንግ ቹን የተባለ ጸሐፊ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተረከው አለ። በንጉሥ ሁዌይዞንግ ዘመን ለቤተሰቡ በካይፈንግ ቤት ተሰጥቶ ሲታደስ፣ አባቱ ሠራተኞቹ ገበታ በአሮጌ ሐር ሲወለውሉ ያያል። ሐሩን ዘርግቶ ሲመለከተው የጉዎ ሺ ሥዕል ነው። ይጠይቃል። የቀድሞው ንጉሥ ይወደው ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን የጥንት ሥዕሎችን ሰቅለው እነዚህን ዕቃ ቤት ጣሉ ይሉታል። አባትየው የተጣሉትን ሥዕሎች ይመኛል፤ ንጉሡም ዕቃ ቤት የቀሩትን ሁሉ ውሰድ ይለዋል። ሙጫ የጠጣ ጥሩ ሐር ለመወልወያ መመረጡ አያስገርምም። የደንግ ቹን ቤተሰብ ቤት ግን ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ሁሉ ጉዎ ሺ ነበር፤ ሌላ ሠዓሊ አልነበረበትም።